የኤሲው ጋዝ የት ሄደ?

ሐምሌ ነው እንበል። ቦታው ዋሽንግተን ዲሲ ወይም ጎረቤቷ ሜሪላንድ። ፀሐይ ከጠለቀች ቆይታለች፤ ወበቁ ግን አልለቀቀም። ኤሲው ያጓራል፣ አየርም ይነፋል፤ የሚነፋው ግን ሞቃት ነው። የተጠራው ባለሙያ ይመጣል፣ ከውጭ ባለው ማሽን ላይ መለኪያውን ይሰካና «ጋዝ አልቋል፤ ልሙላላችሁ» ይላል። ይሞላል፣ ቤቱ ይቀዘቅዛል፣ ሒሳብ ይከፈላል። በዓመቱ ያው ወበቅ፣ ያው ሞቃት አየር፣ ያው «ጋዝ አልቋል»።

እዚህ ውስጥ አንድ የሚያሳስት ቃል አለ። እሱም «አልቋል» የሚለው ነው።

እኛ «ጋዝ» ስንል ቶሎ የሚመጣልን የሚነድ ነገር ነው፤ የኩራዙ ነጭ ጋዝ፣ የምድጃው ቡታ ጋዝ። እነሱ ነድደው ያልቃሉ፤ ሲሊንደሩም እየቀለለ ይሄዳል። የኤሲ ጋዝ ሥራው ሌላ ነው። ኤሲው እሱን አያቃጥልም፣ አይበላውም። በታሸገ የመዳብ ቱቦ ውስጥ ይዞራል፣ ተመልሶ ይመጣል፣ እንደገና ይዞራል። ቱቦው ደህና ከሆነ፣ ዛሬ የተሞላው ጋዝ ማሽኑ እስኪያረጅ ድረስ ሊያገለግል ይችላል። ጎደለ ከተባለ፣ በሆነ ቀዳዳ አምልጧል ማለት ነው። ስለዚህ ባለሙያውን መጠየቅ ያለባችሁ «የት ሄደ?» ብላችሁ ነው።

ይህችን ጥያቄ የጠየቃችሁት እናንተ ብቻ አይደላችሁም። ባለፉት መቶ ዓመታት በርሊን ውስጥ የነበረ አንድ ዝነኛ የፊዚክስ ሊቅ፣ ወደ አንታርክቲካ በመርከብ የተጓዘ ኬሚስት፣ በካሊፎርኒያ የሚሠራ የ31 ዓመት ወጣት ተመራማሪ ጠይቀዋታል። መልሱ በየዘመኑ ሌላ ሆኖ ተገኝቷል። እስቲ አብረን እንከተላቸው። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ወበቅ ለምን ይከብዳል?

መጀመሪያ ኤሲ ምን እንደሚሠራ እንወቅ። የሸክላ እንስራ ውኃን ለምን እንደሚያቀዘቅዝ አስባችሁ ታውቃላችሁ? ሸክላው በጥቃቅን ቀዳዳዎቹ በኩል ያልባል። ያ ላብ ሲተን ሙቀት ይዞ ይሄዳል፤ ውስጡ የቀረው ውኃ ይቀዘቅዛል። የእኛም ሰውነት የሚሠራው እንደዚሁ ነው። አንድ ኪሎ ላብ ከቆዳችን ላይ ሲተን 2400 ኪሎ ጁል ገደማ ሙቀት ይወስዳል። ይህ ሰባት ሊትር ያህል ውኃን ከ20 ዲግሪ አንስቶ እስከ 100 ዲግሪ ለማሞቅ የሚበቃ ነው።

ችግሩ የሚመጣው አየሩ አስቀድሞ በውኃ ተን ሲሞላ ነው። ላባችን ይንጠባጠባል እንጂ አይተንም። ሳይተን የሚወርድ ላብ ደግሞ ልብስ ከማርጠብ በቀር ብዙም አያቀዘቅዝም። በደረቅ አገር 35 ዲግሪ ሆኖ ጥላ ሥር መቀመጥ ይቻላል፤ በዱባይ ወይም በሂዩስተን ያው 35 ዲግሪ ከወበቅ ጋር ሲመጣ ግን ጥላውም አያስጥልም።

ነገሩ ከምቾት ያለፈ ነው። በሐምሌ 1995 ቺካጎን በመታው ወበቅ ከ700 በላይ ሰዎች ሞተዋል፤ ብዙዎቹ ብቻቸውን የሚኖሩ አረጋውያን ነበሩ። ከዚያ በኋላ ተመራማሪዎች በሕይወት የተረፉትንና የሞቱትን ሰዎች ኑሮ ሲያነጻጽሩ፣ በቤታቸው የሚሠራ ኤሲ የነበራቸው ሰዎች የመሞት ዕድላቸው በእጅጉ ያነሰ ሆኖ አገኙት። «የሚሠራ» የምትለዋን ቃል ያዙልኝ። ተበላሽቶ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ኤሲ የሚያድነው ሰው የለም። የጥገና ጉዳይ የሕይወት ጉዳይ የሚሆነው ለዚህ ነው።

ለወረቀት ሲባል የተሠራ ማሽን

የሚገርመው ግን፣ የዛሬው ኤሲ መጀመሪያ የተሠራው ለሰው ተብሎ አይደለም። ለወረቀት ነው።

በ1902 ኒው ዮርክ ብሩክሊን ውስጥ «ሳኬት ኤንድ ዊልሄልምስ» የሚባል ማተሚያ ቤት ነበር። በዚያ ዘመን ባለ ቀለም ሥዕል የሚታተመው አንድ አንድ ቀለም እየተደረበ ነው፤ ቀዩ ይታተማል፣ ይደርቃል፣ ከዚያ ሌላው ይቀጥላል። ወረቀት ግን እርጥበት ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሸበሸባል። ስለዚህ በወበቅ ወራት ሁለተኛው ቀለም ከመጀመሪያው ጋር አልገጥም ይላል። የከንፈር ቀይ ጉንጭ ላይ ያረፈበትን ሥዕል ማን ይገዛል?

ችግሩ የተሰጠው ዊሊስ ካሪየር ለሚባል የ25 ዓመት መሐንዲስ ነበር። ካሪየር ለማተሚያ ቤቱ የነደፈው ሥዕለ ንድፍ የተጻፈበት ቀን ሐምሌ 17 ቀን 1902 ነው። ሐሳቡ ቀላል ነበር። ከፍሪጅ የወጣ የአምቦ ውኃ ጠርሙስ ወዲያው ላብ ላብ ሲለው አይታችኋል? ውኃው ከጠርሙሱ አልፈሰሰም፤ ከአየሩ ነው የመጣው። አየር ቀዝቃዛ ነገር ሲነካ የተሸከመውን ውኃ ይጥላል። ካሪየርም የማተሚያ ቤቱን አየር በቀዝቃዛ ቱቦዎች ላይ እንዲያልፍ አደረገው። አየሩ ውኃውን እዚያ ጥሎ፣ ደርቆና ቀዝቅዞ ወደ ወረቀቱ ተመለሰ። ዛሬም ከኤሲያችሁ ጀርባ የሚንጠባጠበው ውኃ ከክፍላችሁ አየር የተጨመቀው ወበቅ ነው።

የእንግሊዝኛው ስም ራሱ ይህን ያስታውሳል። በ1906 ስሙን ያወጣው ስቱዋርት ክሬመር የሚባል የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎች መሐንዲስ ነበር፤ ትርጉሙም «አየርን ማሰናዳት» እንደ ማለት ነው። ክሬመር ያሳሰበው የክሩ እርጥበት ነበር። አማርኛችን «አየር ማቀዝቀዣ» ሲል ቅዝቃዜውን ብቻ ይዞ እርጥበቱን ትቶታል።

ሰዎች የማሽኑን ጥቅም የቀመሱት በኋላ፣ በተለይ ሲኒማ ቤት ውስጥ ነው። በ1925 የኒው ዮርኩ ሪቮሊ ቲያትር የካሪየርን ማሽን አስገባ። በአብዛኛው የአሜሪካ ቤት የገባው ደግሞ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው። በ2020 በተደረገ የመንግሥት ጥናት መሠረት ከአሜሪካ ቤቶች ወደ 90 በመቶ የሚጠጉት ኤሲ ይጠቀማሉ።

ግን ማሽኑ ፋብሪካውን ለቆ ወደ መኝታ ቤት ከመግባቱ በፊት አንድ መፈታት ያለበት ችግር ነበር። እሱም ቱቦው ውስጥ ያለው ጋዝ ነው።

ሲያመልጥ የሚገድል ጋዝ

በቱቦው ውስጥ ያለው ጋዝ የሚሠራው እንደ ላብ ነው፤ ልዩነቱ ተንኖ ስለማይጠፋ ነው። ቤት ውስጥ ባለው ቱቦ ፈሳሽ ሆኖ ይገባል፤ እዚያ ሲተን የክፍሉን ሙቀት ይወስዳል። ከዚያ ውጭ ያለው ኮምፕሬሰር ይጨምቀዋል። የተጨመቀ ጋዝ ይግላል፤ ግለቱን ለውጩ አየር ሰጥቶ እንደገና ፈሳሽ ይሆናል። ከዚያ ተመልሶ ይገባል።

ለዚህ ሥራ የሚሆን፣ በቀላሉ የሚተንና በቀላሉ የሚጨመቅ ነገር ያስፈልጋል። በ1920ዎቹ ፍሪጆችና ማቀዝቀዣዎች ይጠቀሙባቸው የነበሩት አሞኒያ፣ ሰልፈር ዳይኦክሳይድና ሚቲል ክሎራይድ ነበሩ። ሦስቱም መርዝ ናቸው። አሞኒያና ሰልፈር ዳይኦክሳይድ ቢያንስ ሽታቸው ስለሚያፍን ሰው ይሸሻቸዋል። ሚቲል ክሎራይድ ግን ሽታው ደካማ ነው፤ የተኛ ሰው ሳይነቃ ሊመረዝ ይችላል። ከፍሪጅ ባመለጠ ጋዝ ተመርዘው የሞቱ ቤተሰቦች ወሬ በአሜሪካም በአውሮፓም ጋዜጦች ላይ ይወጣ ነበር።

እንደሚነገረው፣ በርሊን ውስጥ አንዱን እንዲህ ያለ ዜና ያነበበው አልበርት አይንስታይን ነው። አዎ፣ ያው አይንስታይን። ሊዮ ዚላርድ ከሚባል ወጣት የፊዚክስ ሊቅ ጋር ሆኖ ከ1926 ጀምሮ ለዓመታት ስለ ፍሪጅ አሰበ። ጋዙ የት በኩል እንደሚሄድ ሲመረምሩ መልሱ ግልጽ ነበር፤ የሚንቀሳቀሱት ብረቶች ከውጭ ጋር በሚገናኙበት መጋጠሚያ በኩል ነው። እንግዲያው የሚንቀሳቀስ ብረት የሌለው ፍሪጅ ቢሠራስ? በማግኔት ኃይል ፈሳሽ ብረትን የሚገፋ ፓምፕ ነደፉ፤ ለአንዱ ንድፋቸውም በኅዳር 1930 የአሜሪካ ፓተንት አገኙ።

ፍሪጃቸው ገበያ ሳይወጣ ቀረ። የሁለቱን ሰዎች አስተሳሰብ ግን ልብ በሉት። ጋዙ አደገኛ ስለሆነ፣ ቀዳዳውን መድፈን ግዴታ ነው ብለው ነበር የተነሡት።

ሲያመልጥ ማንም የማይሰማው ጋዝ

አሜሪካኖቹ በሌላ መንገድ መጡ። ቀዳዳውን ከመድፈን ይልቅ ጋዙን ለወጡት። በ1928 ለጄኔራል ሞተርስ ይሠራ የነበረው ቶማስ ሚጅሊ ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ ከካርቦን፣ ከክሎሪንና ከፍሎሪን የተሠራ አዲስ ጋዝ አገኘ። አይነድም፣ መርዝ አይደለም፣ ብረት አይበላም። በ1930 በአሜሪካ ኬሚስቶች ማኅበር ጉባኤ ላይ ሚጅሊ ጋዙን በሳንባው ሙሉ ሳበና ቀስ ብሎ ሻማ ላይ ተነፈሰ፤ ሻማው ጠፋ። ሰውም አልጎዳም፣ እሳትም አልያዘም። ጋዙ «ፍሪዮን» በሚል ስም ለገበያ ቀረበ።

ይህ ግኝት ብዙ ሕይወት አትርፏል፤ ፍሪጅና ኤሲ ያለ ስጋት ወደ መኖሪያ ቤት የገቡት በእሱ ነው። ግን ሳይታሰብ ሌላ ነገርም ይዞ መጣ። የሚያመልጠው ጋዝ ካልሸተተ፣ ካልመረዘና ካልነደደ፣ ለምን ቀዳዳ ፍለጋ ግማሽ ቀን ይጠፋል? መሙላት ይቀላል፣ ጋዙም ርካሽ ነው። «የት ሄደ?» የምትለው ጥያቄ ቸል ተባለች። «ጋዝ አልቋል» የሚለው አነጋገር እንዲህ ባለ ዘመን የሚመች አነጋገር ነው።

ጥያቄዋን የመለሳት ጄምስ ላቭሎክ የሚባል እንግሊዛዊ ሳይንቲስት ነው። ላቭሎክ በአየር ውስጥ ያለን እጅግ ጥቂት ኬሚካል ለይቶ የሚያውቅ መሣሪያ ሠርቶ ነበር። በ1971 ይህንኑ መሣሪያ ይዞ «ሻክልተን» በምትባል መርከብ ከእንግሊዝ ወደ አንታርክቲካ ተጓዘ። በደረሰበት የባሕር አየር ሁሉ፣ ፋብሪካም ኤሲም በሌለበት፣ የእነዚህን ጋዞች ዘመድ አገኘ። ያመለጠው ጋዝ የትም አልጠፋም፤ አየሩ ውስጥ ተከማችቶ ነበር።

በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ኧርቫይን ፍራንክ ሼርዉድ ሮውላንድና ሜክሲኮ የተወለደው ማሪዮ ሞሊና ጥያቄውን አንድ እርምጃ ገፉት፤ ከዚያስ የት ይሄዳል? በ1974 ያሳተሙት መልስ አስደንጋጭ ነበር። ጋዙ ከምንም ነገር ጋር ስለማይዋሃድ ቀስ እያለ ወደ ላይ ይወጣል። እዚያ ኃይለኛው የፀሐይ ጨረር ይሰባብረዋል፤ ነጻ የወጣው አንድ የክሎሪን አቶምም እስከ 100,000 የኦዞን ሞለኪውሎችን ሊያፈርስ ይችላል። የኦዞን ሽፋን ደግሞ ከፀሐይ የሚመጣውን ጎጂ አልትራቫዮሌት ጨረር የሚያጣራልን ነው። ጋዙን ለቤት ደህና ያደረገው ያው ጠባዩ፣ ከምንም ጋር አለመዋሃዱ፣ ለሰማይ ጠላት አደረገው።

ብዙዎች አላመኑም። በ1985 ግን በአንታርክቲካ የሚሠሩ እንግሊዛውያን ተመራማሪዎች ከጣቢያቸው በላይ ያለው ኦዞን በየጸደዩ በእጅጉ እየሳሳ መሆኑን አስታወቁ። በመስከረም 1987 አገሮች ሞንትሪያል ላይ ተሰብስበው እነዚህን ጋዞች ለመቀነስ ተስማሙ። ዛሬ የሞንትሪያሉን ስምምነት የዓለም አገሮች በሙሉ ተቀብለውታል፤ ኢትዮጵያም ከአባላቱ አንዷ ናት። ሞሊናና ሮውላንድ ከፓውል ክሩትዘን ጋር በ1995 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት ተሰጣቸው። ስምምነቱ እንደተከበረ ከቀጠለ የአንታርክቲካው ኦዞን በ2066 ገደማ ወደ 1980 ይዞታው እንደሚመለስ ሳይንቲስቶች ይገምታሉ።

ከቤታችሁ ውጭ ያለው ማሽን ላይ የተጻፈው ቁጥር

ከውጭ ያለው የኤሲ ክፍል ላይ የብረት ሰሌዳ አለ። እሱ ላይ የጋዙ ስም በፊደልና በቁጥር ተጽፏል። ያ ጽሑፍ ማሽናችሁ የየትኛው ዘመን ልጅ እንደሆነ ይነግራችኋል።

«አር-22» ከሆነ የቆየ ነው። ለአሥርት ዓመታት በቤት ኤሲ ውስጥ የሠራው ይህ ጋዝ ክሎሪን አለበት፤ ኦዞንን የሚጎዳው ከቀደምቶቹ በጣም ባነሰ መጠን ቢሆንም ይጎዳል። አሜሪካ ውስጥ ከጥር 1 ቀን 2020 ጀምሮ ማምረትም ከውጭ ማስገባትም ቆሟል፤ የሚሞላው ከአሮጌ ማሽኖች ተሰብስቦ የተጣራ ወይም ከዚያ በፊት የተከማቸ ነው።

«አር-410ኤ» ከሆነ ክሎሪን የለበትም፤ ኦዞንን አይነካም። ግን የምድርን ሙቀት በመያዝ ኃይለኛ ነው። አንድ ኪሎው በመቶ ዓመት ውስጥ የሚያስከትለው ሙቀት ከሁለት ሺህ ኪሎ በላይ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከሚያስከትለው ጋር እኩል ነው። ይህም 900 ሊትር ገደማ ቤንዚን እንደ ማቃጠል ነው። በጥቅምት 2016 የሞንትሪያሉ ስምምነት አባላት ኪጋሊ ላይ ተገናኝተው የዚህን ዓይነት ጋዞች ደረጃ በደረጃ ለመቀነስ የተስማሙት ለዚህ ነው።

«አር-32» ወይም «አር-454ቢ» ከሆነ አዲስ ነው። ሙቀት የመያዝ አቅማቸው ከአር-410ኤ በእጅጉ ያነሰ ነው፤ በአንጻሩ በመጠኑ የመንደድ ጠባይ አላቸው። ስለዚህ ቀዳዳ ፍለጋው እንደገና የቤት ውስጥ ደህንነት ጉዳይ ሆኗል። ነገሩ ዞሮ ዞሮ አይንስታይንና ዚላርድ ከተነሡበት ቦታ ደረሰ ማለት ነው።

ታዲያ ባለሙያው ሲመጣ?

መጀመሪያ፣ የማይቀዘቅዝ ኤሲ ሁሉ ጋዝ የጎደለው አይደለም። ፊልተሩ በአቧራ ታፍኖ ሊሆን ይችላል፤ ይህን ራሳችሁ አውጥታችሁ ማጽዳት ወይም መቀየር ትችላላችሁ። የውኃ መውረጃው ቱቦ ተደፍኖም ይሆናል፤ ያኔ ውኃው ቤት ውስጥ ይንጠባጠባል። ውጭ ያለው ማሽን እያጎራ ማራገቢያው አልዞር ካለ ደግሞ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የካፓሲተር ነው። ካፓሲተር ርካሽ ዕቃ ነው፤ ነገር ግን መብራት ከተቋረጠ በኋላም ኤሌክትሪክ ይዞ ሊቆይ ስለሚችል ለባለሙያ ተዉት።

ጋዝ ሲጎድል አንዱ ምልክት የሚያስገርም ነው፤ የማይቀዘቅዘው ኤሲ በረዶ ይሠራል። ጋዙ ሲያንስ በቱቦው ውስጥ ያለው ግፊት ይወርዳል። ግፊት ሲወርድ ፈሳሹ ከዜሮ በታች በሆነ ሙቀት ይተናል፤ ከአየሩ የወረደው ውኃም ቱቦው ላይ ይረጋል። በረዶው አየር ስለሚዘጋ ክፍሉ ጭራሽ አይቀዘቅዝም። የታፈነ ፊልተርም ይህንኑ ስለሚያመጣ፣ በረዶ ማየት ብቻውን ማስረጃ አይሆንም።

ባለሙያው ለክቶ በእርግጥ ጎድሏል ካለ ጥያቄያችሁን አቅርቡ፤ «የት ሄደ?» ጎበዝ ባለሙያ ይህ ጥያቄ አያስቆጣውም። ጋዝ በሚያሸት መሣሪያ ይፈትሻል። ወይም ቱቦውን በናይትሮጅን ሞልቶ መጋጠሚያዎቹን የሳሙና አረፋ ይቀባል፤ የሚያብጥ አረፋ ቀዳዳውን ያሳያል። ቀዳዳውን ይበይዳል ወይም ክፍሉን ይቀይራል። ቀጥሎ በፓምፕ አየሩንና እርጥበቱን ከቱቦው ይመጥጣል። በመጨረሻ ጋዙን በሚዛን መዝኖ፣ ሰሌዳው ላይ በተጻፈው መጠን ይሞላል። የቀረውንም አሮጌ ጋዝ በሲሊንደር ይሰበስባል እንጂ ወደ አየር አይለቅም፤ አሜሪካ ውስጥ መልቀቅ ከ1992 ጀምሮ በሕግ የተከለከለ ነው።

አዎ፣ ይህ ሁሉ ከመሙላት ብቻ ይልቅ ለዚያ ቀን ይወደዳል። በወበቅ መካከል ልጅ እያለቀሰና እናት እያላበች «ዝም ብለህ ሙላው» ማለት የሚያስወቅስ አይደለም፤ አንዳንዴም ለሌሊቱ ያው ነው የሚቻለው። ቀዳዳው ግን አይጠብቅም። የተከፈለበት ጋዝ በዚያው በኩል ይወጣል፤ በሚቀጥለው ሐምሌ ቤቱ ይሞቃል፤ ያመለጠውም ላቭሎክ በመርከቡ ላይ ሆኖ የለካው አየር ውስጥ ይገባል። ከዚያ አየር ውጪ የሚኖር ሰው የለም፤ ኤሲ ያለውም የሌለውም ይተነፍሰዋል።